አሳዳጅና ተሳዳጅ በሒሳብ ሊቃውንት ዐይን
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የቆየ የሒሳብ ጥያቄ ታሪክ ነው። ጥያቄውም፥ አንዱ ሲሸሽ ሌላው ሲያሳድድ አሳዳጁ ይደርስበታል ወይስ አይደርስበትም፤ የሚደርስበትስ እንደ ሆነ መቼና የት ነው የሚል ነው። ነገሩን ላይ ላዩን ሲሰሙት የልጆች እንቆቅልሽ ይመስላል። በእርግጥም ብዙ ጊዜ የቀረበው በውሻና በጥንቸል፥ በአንበሳና በሰው ምሳሌ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው አሳብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በባሕር ላይ የብዙ ሰው ሕይወት የሚወሰንበት ቁም ነገር እስከ መሆን ደርሶአል።

ይህን ታሪክ ከመነሻው ጀምሮ የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በመጀመሪያ ሊቃውንቱ ይቈጥሩ የነበሩት የአሳዳጁንና የተሳዳጁን እግር ብቻ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን የሚሸሸውም ወገን እንደሚያስብና እንደሚመርጥ፥ አሳዳጁ ምን እንደሚያደርግም አስቀድሞ እንደሚገምት ተረዱ። ስለዚህ የዚህ ጥያቄ ታሪክ የሌላውን ሰው አሳብ ከሒሳብ ውስጥ የማስገባት ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የግሪኩ ፈላስፋ ዜኖን ነው። ዜኖን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረ ሰው ሲሆን፥ ፈጣኑ ጀግና አኪሌስ ከፊቱ የምትሄደውን ኤሊ ከቶ ሊደርስባት አይችልም ብሎ ተከራከረ። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፥ አኪሌስ ኤሊዋ ከነበረችበት ቦታ ሲደርስ እርስዋ ጥቂት አልፋ ትገኛለች፤ ከዚያ ሲደርስም ደግሞ ጥቂት አልፋ ትገኛለች፤ ይህም መጨረሻ የለውም አለ። አኪሌስ ከኤሊዋ ዐሥር ጊዜ ቢፈጥንና እርስዋ 100 እርምጃ ብትቀድመው፥ በ111 እርምጃና በእርምጃ ዘጠነኛ እጅ ላይ እንደሚይዛት ዛሬ ተማሪ ሁሉ ያሰላዋል። ነገር ግን መጨረሻ የሌላቸው ቍርጥራጮች ተደምረው የተወሰነ ርዝመት ሊሰጡ እንደሚችሉ በጥሩ ሁኔታ እስኪብራራ ድረስ፥ የዜኖን ክርክር ከ2000 ዓመት በላይ ሊቃውንቱን ሲያስጨንቅ ኖሮአል።

ቻይናውያን ደግሞ ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት በተዘጋጀው «ዘጠኙ ምዕራፎች» በተባለው የሒሳብ መጽሐፋቸው ውስጥ ነገሩን እንደ ሥራ ሰዎች አድርገው ይዘውታል። ጥንቸሊቱ 100 እርምጃ ከሮጠች በኋላ ውሻው ይነሣና 250 እርምጃ ይሮጣል፤ ነገር ግን 30 እርምጃ ሲቀረው ይቆማል። ባይቆም ኖሮ ስንት እርምጃ ጨምሮ ይደርስባት ነበር? ውሻው 250 ሮጦ ያጠበበው ርቀት 70 እርምጃ ነው፤ ስለዚህ የቀረውን 30 ለማጥበብ 107 እርምጃና የእርምጃ ሰባተኛ እጅ ያስፈልገዋል።

በአውሮፓም በንጉሥ ሻርለማኝ ዘመን የኖረውና በ804 ዓ.ም. የሞተው እንግሊዛዊው መምህር አልኩዊን ጻፈው በሚባለው የጥያቄዎች መድበል ውስጥ ይኸው አዳኝ ውሻ ይገኛል። ሜዳው 150 ጫማ ርዝመት አለው፤ ውሻው በአንድ ዝላይ 9 ጫማ፥ ጥንቸሊቱ 7 ጫማ ይሄዳሉ። ውሻው በየዝላዩ 2 ጫማ ስለሚያተርፍ ከ75 ዝላይ በኋላ ይይዛታል። የመድበሉ ስም ራሱ የወጣቶችን አእምሮ ለመሳል የተዘጋጀ መሆኑን ይናገራል። ሆኖም በእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ ጥንቸሊቱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አትልም። እንደ ተተኰሰ ቀስት ቀጥ ብላ ትሮጣለች። የሜዳ ጥንቸል ሲያመልጥ ያየ ገበሬ ግን እውነተኛዋ ጥንቸል እንዲህ እንደማትሮጥ ያውቃል።

የጥያቄውን መልክ የለወጠው በባሕር ላይ የተነሣ ችግር ነው። ፒየር ቡጌር የተባለው ፈረንሳዊ የሒሳብና የመርከብ ጕዞ ሊቅ በ1732 ዓ.ም. ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ጽሑፍ፥ አንዲት መርከብ ቀጥ ብላ ስትሸሽ ሌላዋ መርከብ ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ ሸሺዋ አቅንታ ብትከተላት የምትሄድበት መንገድ ምን ዓይነት መስመር ነው ሲል ጠየቀ። መንገዱ ቀጥታ ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም አሳዳጂቱ የምታነጣጥርበት ነገር በየደቂቃው ቦታውን ይለቃል። ስለዚህ መንገዷ እየታጠፈ የሚሄድ ጐባጣ መስመር ይሆናል። ቡጌርም ለዚህ ዓይነቱ መስመር የማሳደድ መስመር የሚል ስም ሰጠው።

የዚህን ጥቅም በቍጥር እንመልከተው። ሸሺዋ መርከብ ከአሳዳጂቱ 9 ማይል ርቃ ሳለች ወደ ጐን ቀጥ ብላ ትሄዳለች እንበል፤ አሳዳጂቱ ደግሞ በእጥፍ ትፈጥናለች። አሳዳጂቱ ዐይንዋን ከሸሺዋ ላይ ሳትነቅል ብትከተል 12 ማይል ሄዳ ትይዛታለች። ነገር ግን ሸሺዋ አሁን ወዳለችበት ሳይሆን ወደምትደርስበት ቦታ ከመጀመሪያው ቀጥ ብላ ብትነሣ 10.4 ማይል ያህል ብቻ ይበቃታል። ፍጥነታቸው እኩል የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ እየተከተለች የምትሄደው መርከብ ከቶ አትይዛትም፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ወደ 4.5 ማይል እየተጠጋ ይቀራል እንጂ አይዘጋም።

በአገራችን የጉግስን ጨዋታ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ቀመር አያስፈልገውም። በጋላቢ ፈረሰኛ ላይ ዘንግ የሚወረውር ሰው ፈረሰኛው አሁን ወዳለበት ቢወረውር ዘንጉ ከኋላ ይወድቃል፤ ስለዚህ ከፊቱ አስቀድሞ ይወረውራል። የቡጌር ሒሳብ የጉግስ ተጫዋች ክንድ የሚያውቀውን በወረቀት ላይ አሰፈረው ማለት ነው።

በ1877 ዓ.ም. ኤድዋር ሉካ የተባለው ሌላ ፈረንሳዊ ሊቅ ነገሩን በአንድ ደረጃ ከፍ አደረገው። ሦስት ውሾች በእኩል ጐን ሦስት ማዕዘን ጫፎች ላይ ቆመው፥ አንደኛው ሁለተኛውን፥ ሁለተኛው ሦስተኛውን፥ ሦስተኛውም አንደኛውን ቢያሳድዱ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። እዚህ ላይ እያንዳንዱ አሳዳጅም ተሳዳጅም ነው። ውሾቹ እየተጠማዘዙ በመካከል ላይ ይገናኛሉ። አራት ውሾች በአራት ማዕዘን ጫፎች ላይ ቢሆኑና የአንዱ ጐን ርዝመት 100 ክንድ ቢሆን ግን፥ መንገዳቸው ጥምዝምዝ ሆኖ ሳለ እያንዳንዱ የሚሮጠው ልክ 100 ክንድ ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት የሚሸሸው ውሻ ሁልጊዜ ከሚያሳድደው ወደ ጐን ስለሚሄድ ርቀቱን አይጨምርም አይቀንስምና ነው።

እስከዚህ ድረስ የሚሸሸው ወገን መንገዱን አይመርጥም። የሚመርጥ በሆነ ጊዜ ነገሩ ምን ያህል እንደሚለወጥ፥ በ20ኛው መቶ ዓመት የተስፋፋው የሐይቁ ጥያቄ በግልጥ ያሳያል። አንዲት ሴት በክብ ሐይቅ መካከል በታንኳ ላይ አለች። በዳር የቆመው አሳዳጅዋ ዋና አይችልም፤ ነገር ግን እርስዋ ከምትቀዝፈው አራት ጊዜ ፈጥኖ ይሮጣል። ከየብስ ከወጣች በኋላ ግን አይደርስባትም። ከሐይቁ መካከል እስከ ዳር 400 ክንድ ይሁን። ቀጥ ብላ ወደ ዳር ብትቀዝፍ 400 ክንድ እስክትሄድ እርሱ 1600 ይሮጣል፤ የሐይቁ ዳርቻ ግማሽ ዙር ግን 1257 ክንድ ያህል ነውና ቀድሞ ይጠብቃታል። በፍጥነት ብቻ የሚፈርድ ሰው ሴትዮዋ ተይዛለች ይላል።

እርስዋ ግን ታስባለች። ከመካከሉ 100 ክንድ ባልሞላ ርቀት ላይ ክብ እየሠራች ብትቀዝፍ፥ የእርስዋ ዙር ከእርሱ ዙር ከአራት አንድ ስለሚያንስ ትቀድመዋለች፤ ቀስ በቀስም እርሱ በአንድ ዳር፥ እርስዋ በመካከሉ ማዶ በትክክል ፊት ለፊት ይሆናሉ። በዚያች ደቂቃ ወደ ቅርቧ ዳር ቀጥ ብላ ብትነሣ የሚቀራት ከ300 ክንድ ብዙም የማይበልጥ ነው። በዚህ ጊዜ እርሱ የሚሮጠው 1200 ክንድ ያህል ሲሆን፥ ሊሮጥ የሚገባው ግን 1257 ነው። ስለዚህ ከሃምሳ ክንድ በላይ ቀርቶት ታመልጣለች። ሊቃውንቱ መንገድዋን የበለጠ አስተካክለው ባሰሉት ጊዜ፥ አሳዳጁ እስከ 4.6 ጊዜ ያህል ቢፈጥናት እንኳ ልታመልጥ እንደምትችል ደርሰውበታል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ትምህርት ወዳለበት ወደ አንበሳውና ወደ ሰውዬው ጥያቄ እንለፍ። ጥያቄውን በ1930ዎቹ ያቀረበው ጀርመን የተወለደውና በእንግሊዝ አገር የሠራው ሪቻርድ ራዶ ነው። አንድ ሰውና አንድ የተራበ አንበሳ በዙሪያው በታጠረ ክብ ሜዳ ውስጥ ተዘግተዋል። ፍጥነታቸው እኩል ነው፤ ሁለቱም አይደክሙም። ሰውዬው ሊያመልጥ ይችላልን?

የሒሳብ ሊቃውንት ብዙ ዓመት የተቀበሉት መልስ አይችልም የሚል ነበር። አንበሳው በሜዳው መካከልና በሰውዬው መካከል ባለው ቀጥታ መስመር ላይ ሳይለቅ እየሮጠ ይጠጋዋል፤ ሰውዬው በአጥሩ ዳር ዳር ቢዞር፥ ከመካከል የተነሣው አንበሳ የዙሩ ሩብ ሳይሞላ አይቀርም፤ በሩቡ ላይ ይይዘዋል አሉ። ስሌቱ በራሱ ትክክል ነው። «ለብልህ አይነግሩም፥ ለአንበሳ አይመትሩም» እንደሚባለው፥ ለእንዲህ ያለው አንበሳ ተጨማሪ ብልኀት የሚያስፈልገው አልመሰላቸውም።

ነገር ግን በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኬምብሪጅ ያስተምር የነበረው የሩሲያ ተወላጅ አብራም ቤሲኮቪች መልሱ ስሕተት መሆኑን አስረዳ። ሰውዬውን ወደ አጥሩ ዳር ማን ላከው? ሊቃውንቱ የአንበሳውን መንገድ በጥንቃቄ ሲያወጡ የሰውዬውን መንገድ ግን ራሳቸው መረጡለት። ቤሲኮቪች እንዳሳየው፥ ሰውዬው ከአጥሩ ርቆ ይነሣና ከሜዳው መካከል ወደ እርሱ ከሚመጣው መስመር ወደ ጐን፥ አንበሳው በሌለበት በኩል አጭር መንገድ ቀጥ ብሎ ይሮጣል። ከዚያም አቅጣጫውን እንደ ገና አስተካክሎ የዚያን ግማሽ፥ ቀጥሎም ሢሶውን፥ ቀጥሎም ሩቡን እያለ ይሄዳል። አንድ፥ ግማሽ፥ ሢሶ፥ ሩብ እየተባለ ሲደመር ወሰን የለውም፤ ስለዚህ ሩጫው መጨረሻ የለውም። ከመካከሉ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚወስነው ግን የእነዚህ ቍጥሮች በራሳቸው ተባዝተው መደመር ነው፤ ይህም ድምር ከሁለት አይደርስምና ከአጥሩ ሳይነካ ይኖራል። አንበሳው ያለ ልክ ይጠጋዋል፤ ነገር ግን አይነካውም።

እርግጥ ነው፤ እዚህ የተባለው ሰውና አንበሳ በወረቀት ላይ ያሉ ሁለት ነጥቦች እንጂ ሥጋና አጥንት ያላቸው አይደሉም። ሁለት አንበሶች ቢሆኑም ኖሮ ሰውዬው ይያዝ ነበር። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። ከእነርሱ ጥቂቶቹ በዘመናቸው እጅግ የታወቁ ሊቃውንት ሆነው ሳሉ፥ ሁሉም የተስማሙበት መልስ ዐሥር ዓመት ያለፈው ስሕተት ሆኖ ኖረ። የስሕተቱም ምክንያት የስሌት ጕድለት አይደለም፤ የሌላው ወገን ምርጫ ስለ ተረሳ ነው።

የሌላውን ወገን ምርጫ በሙሉ ከሒሳብ ውስጥ ያስገባው የጨዋታ ጥናት ነው። ለዚህ ጥናት መነሻ ከሆኑት አንዱ የሰንጠረዥ ጨዋታ ነው። ጀርመናዊው ኤርንስት ዜርሜሎ በ1913 ዓ.ም. እንዳስረዳው፥ በዚህ ጨዋታ ሁለቱም ተጫዋቾች ሁሉን ነገር በግልጥ ስለሚያዩ ወይ ነጩ የማሸነፍ፥ ወይ ጥቁሩ የማሸነፍ፥ ወይም ሁለቱም እኩል የመለያየት እርግጠኛ መንገድ አለ። ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። በአገራችን በጥንቱ ሰንጠረዥ ደግሞ ወረራ የሚባል ደንብ ነበር። የመጀመሪያው ጕልማ እስኪበላ ድረስ ተጫዋቾቹ ተራ ሳይጠብቁ ሁለቱም በአንድነት ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ አሰላለፉን ይለውጣል። እዚህ ላይ ተራ የለም፤ ያለው አንዱ የሌላውን አሳብ መገመት ነው።

እንዲህ ላለው ግምት ሕግ ያወጣለት በቡዳፔስት የተወለደው ጆን ፎን ኖይማን ነው። በ1928 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፉ፥ ባላጋራ ምን ያህል ብልህ ቢሆንም ከተወሰነ መጠን በላይ ሊጐዳን የማይችልበት የአጨዋወት መንገድ ሁልጊዜ እንዳለ አረጋገጠ። ከኦስትሪያዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ከኦስካር ሞርገንሽተርን ጋር በ1944 ዓ.ም. ባሳተሙት ታላቅ መጽሐፍም ለምሳሌ የወሰዱት ከልብ ወለድ ታሪክ ነው። ወንጀል መርማሪው ሼርሎክ ሆምስ ከለንደን በባቡር ተነሥቶ ወደ ዶቨር ወደብ ይሸሻል። ጠላቱ ሞሪያርቲ በሌላ ባቡር ይከተለዋል። በመንገድ ላይ ካንተርበሪ የሚባል አንድ ጣቢያ አለ። ሁለቱ በአንድ ጣቢያ ከወረዱ ሆምስ ይሞታል። ሆምስ ካንተርበሪ እወርዳለሁ ይላል፤ ነገር ግን ሞሪያርቲ ይህን ያውቃል፤ እንግዲያስ ዶቨር ይሻላል፤ ሞሪያርቲ ግን ይህንንም ያውቃል። እንዲህ እያለ አሳቡ ማብቂያ የለውም።

የሁለቱ ሊቃውንት መልስ የሚያስገርም ነው። አእምሮህን ሌላው እንዳያነበው ከፈለግህ ራስህም አስቀድመህ አትወቀው፤ ዕጣ ጣል። ለጥቅሙና ለጕዳቱ በሰጡት ግምት መሠረት፥ ሆምስ ከአምስት ዕጣ ሦስቱን ለካንተርበሪ፥ ሁለቱን ለዶቨር ሊያደርግ ይገባዋል፤ ሞሪያርቲ ደግሞ ሦስቱን ለዶቨር፥ ሁለቱን ለካንተርበሪ። ሁለቱም እንዲህ ቢያደርጉ ሆምስ የሚሞትበት ዕድል ከመቶ 48 ነው። የዕጣውን መጠን ሌላው ቢያውቀው እንኳ የሚጠቀምበት ነገር የለም።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ሳለ በአትላንቲክ ውቅያኖስ እውነተኛ ማሳደድ ይካሄድ ነበር። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ብሪታንያ ምግብና መሣሪያ የሚያመላልሱትን መርከቦች ያሰጥሙ ነበር፤ የብሪታንያ አይሮፕላኖችም ሰርጓጆቹን እያሳደዱ ከውሃ በታች የሚፈነዳ ቦምብ ይጥሉባቸው ነበር። ቦምቡ የሚፈነዳው 100 ጫማ ጥልቀት ላይ ነበር። ምክንያቱም ሰርጓጁ አይሮፕላኑን ቀድሞ አይቶ እስከዚያ ድረስ ይሰጥማል ተብሎ ስለ ተገመተ ነው። በ1941 ዓ.ም. ግን ኢ. ጄ. ዊልያምስ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ የተሳዳጁን ነገር መረመረ። ቀድሞ አይቶ የሰጠመው ሰርጓጅ ከውሃ በታች ወዴት እንደ ዞረ ስለማይታወቅ፥ ጥልቀቱ ትክክል ቢሆንም ቦምቡ ይስተዋል። ዘግይቶ ያየው ሰርጓጅ ግን ቦታው ይታወቃል፤ እርሱ ደግሞ ገና ከውሃው ገጽ አጠገብ ነውና 100 ጫማ ላይ የሚፈነዳው ቦምብ አይጐዳውም። እንግዲህ የሚያዘው በማይያዘው ልክ ይመታ ነበር ማለት ነው። ጥልቀቱ ወደ 25 ጫማ ዝቅ በተደረገ ጊዜ የሚሰጥሙት ሰርጓጆች ቍጥር በጣም ጨመረ። የጥናቱ ክፍል መሪ የነበረው ፓትሪክ ብላኬት፥ የተማረኩት ጀርመኖች እንግሊዞች አዲስ ኀይለኛ ፈንጂ አግኝተዋል ብለው ያምኑ እንደ ነበር ጽፎአል። አዲስ ፈንጂ ግን አልነበረም፤ አዲስ የሆነው አሳቡ ብቻ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካዊው ሩፈስ አይዛክስ በካሊፎርኒያ በራንድ የጥናት ድርጅት ሲሠራ፥ በ1951 ዓ.ም. ማሳደድንና ጨዋታን አንድ አድርጎ አቀረበ። የእርሱ የታወቀ ምሳሌ ነፍሰ ገዳዩ ሾፌር ይባላል። መኪናው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን በጠባብ ቦታ ሊጠመዘዝ አይችልም። እግረኛው ዝግተኛ ነው፤ ነገር ግን በቆመበት ይዞራል። እዚህ ላይ ፍጥነት ብቻውን አያሸንፍም፤ የመዞር ችሎታም ሚዛን ይደፋል። አይዛክስ ጥናቱን በ1965 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተመው። በመጀመሪያ የታሰበው ለሚሳይልና ለጦር አይሮፕላን ነበር፤ ዛሬ ግን ሁለት አይሮፕላኖች በአየር ላይ እንዳይጋጩ ለማጥናትም ያገለግላል። ይኸው ሒሳብ አሁን መገናኘትን ሳይሆን መራቅን ያስተምራል።

አድማጮቼ፤ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ይህ ታሪክ ሁለት ነገር የሚያስገነዝበው ይመስለኛል። የመጀመሪያው የቡጌር ነው። ካለፈው ዓመት ሪፖርት ላይ ተነሥቶ ለሚመጣው ዓመት የሚያቅድ ሰው፥ ችግሩ ወደ ነበረበት ቦታ እንደምትሄደው መርከብ ነው፤ በእጥፍ ቢፈጥን በብዙ ድካም ይደርስበታል፤ እኩል ቢፈጥን ግን ከቶ አይደርስበትም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና፥ ከሩጫው በፊት ችግሩ ወዴት እንደሚያመራ ማሰብ ይገባል።

ሁለተኛው የቤሲኮቪችና የዊልያምስ ነው። ደንብ የሚያወጣ ሰው ደንቡ የሚመለከተው ሕዝብ እንደ አልኩዊን ጥንቸል ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። ሰው ግን ያስባል። በአንዱ በር ሲከለከል የትኛው በር እንደሚቀረው ይፈልጋል፤ ይህንንም የሚያደርገው ሁልጊዜ ከክፋት የተነሣ አይደለም፤ ኑሮውን ለማቃናት ሲል ነው እንጂ። ስለዚህ ደንቡ ከመፈረሙ በፊት በማዶ ያለው ሰው ቦታ ላይ ተቀምጦ አንድ ጊዜ ማሰብ፥ ከፈረሙ በኋላ ብዙ ጊዜ ከማሳደድ ይሻላል። ለአንበሳው ብቻ ያሰቡት ሊቃውንት ብዙ ዓመት ተሳስተው ቈዩ፤ ለሰውዬውም ያሰበው ሰው እውነቱን አገኘ።